የታችኛው መስኮት

ጥቅምት 4

ዶክተሩ "የጉልበትዎን ሕመም በየቀኑ ይጻፉት፤ ከአስር ስንት እንደሆነ" አለኝ። ይኸው ደብተር ገዛሁ። ስድስት ከአስር። ደስ ይበለው።

ሌላስ ምን ይጻፋል? ጠዋት ወደ ፋብሪካችን የጨረሩ መኪና መጣ፤ ጨረር የተመታውን ዕቃ የሚያመጣው። ሠላሳ ስድስት ዱላ አወረድን። ዱላ የምንለው ያው ክንድ የሚያክለውን ነጭ ፕላስቲክ ነው፤ በኋላ ተቆርጦ ሰው ሠራሽ ጉልበትና ዳሌ የሚሆነውን። ማሸጊያቸው ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ሁሉም ከቢጫ ወደ ቀይ ዞረዋል፤ ጨረሩን ጠጥተዋል ማለት ነው። ፈረምኩ። ኦቨኑ ውስጥ ደረደርኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ናይትሮጂኑን ከፈትኩ። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ምስክር የምንለው ጉማጅ መስታወት መሰለ። ሰዓት ቆጣሪውን ሁለት ሰዓት ሞላሁ። ደወለ። አለቀ። ወደ ቤት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው።

ጥቅምት 6

አምስት። ደረጃ ስወርድ ግን ሰባት።

ባሌ ደብተሩን አየብኝ። "ምንድን ነው የምትጽፊው?" "ስለ ጉልበቴ።" "ስለ ጉልበትሽ አንድ ደብተር ከፈጀ፣ ስለ ምላስሽማ ቤተ መጻሕፍት ልንሠራ ነው።" ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን ቁም ነገር ሲወጣው አልሰማሁም። አናጢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከእንጨት ጋር ይውላል፣ እንጨት አይመልስለትም፣ ማታ እኔ ላይ ይወጣዋል።

ጥቅምት 8

ስድስት። ዛሬ ዶክተሩ ዘንድ ነበርኩ። የጉልበቴን ፎቶ መብራቱ ላይ ለጠፈው። "አጥንት ከአጥንት ጋር ነው የሚፋጨው። መቀየር አለበት።" አልቀይርም አልኩት። ለምን? አለኝ። ለምን እንደሆነ እሱ ምን አገባው? ሦስት ወር ተኝቼ ሌላ ሰው ኦቨኔን ሲነካካው...? አይሆንም።

የሚያስገባውን ነጭ ነገር ከየት እንደሚያመጣው ጠየቅኩት። "ከካርቶን" አለኝ። ከካርቶን! ስንት ሰው ጉልበት ውስጥ ከቶታል እኮ! ቁጭ ብዬ አስተማርኩት። ጨረሩ የፕላስቲኩን ክሮች ይበጥሳል፤ የተበጠሱት ጫፎች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ በዚህ ነው የሚጠነክረው፣ ሲፋጭ የማያልቀው። ግን ጓደኛ ያላገኙ ጫፎች ይቀራሉ። ዝም ብለው ይተኛሉ። ከዓመታት በኋላ አየር ያገኛቸውና ፕላስቲኩን እንደ ደረቅ ብስኩት ያደርጉታል። ስለዚህ ከጨረር በኋላ እኔ ጋ ይመጣል። እስከ መሃሉ ድረስ ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ የቀሩትም ጫፎች ይገናኛሉ። ቀልጦም ቅርጹን አይለቅም። ነጭ የነበረው መስታወት ይመስላል፣ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ሰዓት የሚቆጠረው ያን ጊዜ ነው። ከዱላው የተቆረጠ ጉማጅ አብሮ ይገባል፣ ምስክር እንለዋለን፤ እሱን በመስኮቱ እያየን ነው የምናውቀው።

ዶክተር ሆኖ እንደ ተማሪ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ።

ጥቅምት 11

ስድስት።

የላቦራቶሪዋ ልጅ ወረደች። ስትመጣ ኮቴዋ አይሰማም፤ ድመት ናት። በየሦስት ወሩ አንድ ዱላ ትወስዳለች፣ እንደ ወረቀት አሳስታ ትቆርጠዋለች፣ ኦክስጅን የታመቀበት ብረት ዕቃ ውስጥ ከታ ሁለት ሳምንት ታሞቀዋለች። የብዙ ዓመት እርጅና በሁለት ሳምንት መሆኑ ነው። ሁልጊዜ የምትወስደው ከላይኛው መደርደሪያ ነበር። ዛሬ "እትዬ፣ ካላስቸገርኩዎ ከታች፣ ከኋላ በኩል ያለውን" አለች።

"ለምን?"

"እንዲሁ። ከዚያ ወስጄ ስለማላውቅ።"

እንዲሁ! ስንት ዓመት ተምራ "እንዲሁ"! ራሷ ተንበርክካ አወጣችው። እኔማ ከመጋቢት ወዲህ መንበርከክ ትቻለሁ። ምስክሩንም ከላይ ነው የማቆመው፣ በላይኛው መስኮት ቆሜ አየዋለሁ። ያው አንድ ኦቨን ነው።

ጥቅምት 17

ሰባት። ነገ ይዘንባል። ጉልበቴ ከሬዲዮው ቀድሞ ያውቃል።

ጥቅምት 26

ጉልበቴን ተወው። ዛሬ የታመመው ራሴ ነው።

ልጅቷ አንድ ስስ ብጫቂ በመቆንጠጫ ይዛ መጣች። ፊቴ አጠፈችው። ቀሽ አለ። እንደ ብስኩት።

"ዳሩ ደህና ነው እትዬ። መሃሉ ነው የተበላው። መሃሉ አልቀለጠም ነበር ማለት ነው።"

"አልቀለጠም? የኔ ዱላ? አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ምስክሩ መስታወት ሆኖ በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

"እኔም ያየሁትን ነው የምናገረው።"

"አንቺ ያየሽው ራስሽ ያሳረርሽውን ነው! ያንን ብረት ድስትሽን ሙቀት አብዝተሽበት ነው!"

"ሙቀት በዝቶ ቢሆን ዳሩም ይበላ ነበር።"

ያበገነኝ መልስ መመለሷ ነው። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አታደርግም። ቆራጮቹ ማሽናቸውን አቁመው ያዩናል። "አንቺ ልጅ፣ ትናንት መጥተሽ ዛሬ እኔን ልታስተምሪኝ? በአንቺ ፊርማ እንኳን የሰው፣ የዶሮ ጉልበት አላስቀይርም!"

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ብጫቂውን ከረጢት ውስጥ ከታ፣ ከረጢቱ ላይ ቀን ጽፋ፣ ሄደች።

ከጀርባዬ "እቶን" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይበሉ። ያልነደደ እቶን ምን ይሠራል?

ጥቅምት 28

ስድስት።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። "እናቴ፣ ይቀመጡ።" እናቱ አይደለሁም። አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ነገር ሲፈልግ ነው እናቴ የሚለው። የልጅቷ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው። ምን ይመስልዎታል? አለኝ። የመሰለኝን ነገርኩት። ኦቨኑ ደህና ነው፣ ምስክሩ ጠርቷል፣ ጥፋቱ የላቦራቶሪው ዕቃ ነው፣ ዕቃው ሙቀት አይጠብቅም።

ፊቱ በራ። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቅሬታ አልመጣብዎትም። እርስዎ ካሉ አለቀ።" እዚያው ጻፈ። የፍተሻ ስህተት። ዱላዎቹ ወደ ቆራጮቹ ይሂዱ።

እሰይ።

ኅዳር 2

አምስት።

ለልጅቷ ደብዳቤ ሰጧት አሉ። ኮንትራቷ በኅዳር 30 ያበቃል፣ አይታደስም። እኔ ትባረርልኝ አላልኩም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ከአፏ ነው ያገኘችው... ዝም ብትል ኖሮ።

ምሳ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። ቀና ብላ "እንደምን ዋሉ እትዬ" አለችኝ፣ እንደ ወትሮው። ሰላምታዋም ያናድዳል።

ኅዳር 3

ሰባት።

ኅዳር 9

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው...

አምስት ሰዓት ከሃያ። ምስክሩ ጠራ። ወረቀቱ ላይ ልፈርም ስል እስክሪብቶዬ ወደቀ። ተንከባሎ ኦቨኑ ሥር ገባ። የሚያነሳልኝ ሰው ዘወር ብል የለም። እየተሳደብኩ የበሩን እጀታ ይዤ ወረድኩ። መጀመሪያ ደህናው ጉልበት፣ ቀጥሎ ክፉው። ዘጠኝ ከአስር።

እስክሪብቶውን አገኘሁ። ቀና ስል ፊቴ ከታችኛው መስኮት ትይዩ ነው። መዳፍ የምታክል መስኮት። አቧራ ጋርዷታል፤ ለካ ማንም አይወለውላትም። በእጅጌዬ ጠረግኳት።

ነጭ።

የታችኛው መደርደሪያ ዱላ በሙሉ ነጭ። ጠዋት እንዳስገባሁት። መስታወቱ ቆሽሾ ነው ብዬ እንደገና ጠረግኩ። ነጭ ነው። ከላይ ምስክሩ እንደ ውኃ ጠርቶ፣ ሰዓቱ ተሞልቶ፣ ከታች ገና ነጭ!

ልነሳ ብል ጉልበቴ አልታዘዝም አለኝ። ወለሉ ላይ ተዘርፍጬ ማየት ጀመርኩ። ስድስት ሰዓት፣ ነጭ። አንዱ ቆራጭ መጣ፣ "ምን ሆነው ነው?" አለኝ። "ዕረፍት ላይ ነኝ፣ ሂድ!" እቶን ናት ብሎ ሄደ። ስድስት ተኩል፣ የፊተኞቹ ዳር ዳራቸው ጠራ። ሰባት ሰዓት፣ የኋለኞቹ ገና ናቸው። ሰባት ከሃያ ላይ ደወሉ ጮኸ። ደወሉ ሲጮህ የኋለኞቹ መሃል ላይ አውራ ጣት የሚያክል ነጭ ነገር አለ።

መሃሉ። ልጅቷ ያለችው መሃሉ።

ደወሉ ከጮኸ ኦቨኑ በራሱ መብረድ ይጀምራል። እጀታውን ይዤ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ የጮኽኩ ይመስለኛል። ሦስት ሰዓት ጨመርኩበት። ተመልሼ ወረድኩ። እስኪጠራ ድረስ ቁጭ ብዬ አየሁት። ጠራ። ሁሉም ጠራ። ጊዜ ነበር የፈለገው፣ ሌላ ምንም።

ስንት ጊዜ ነው ይህ ደወል ጮኾ "አለቀ" ብዬ ቤቴ የሄድኩት?

ኅዳር 10

አልለካሁም።

ኅዳር 11

ከመጋቢት ጀምሮ ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። በወር አንድ ዙር፣ ስምንት ዙር። የትኛው ዱላ ከላይ የትኛው ከታች እንደነበር ከወጣ በኋላ አይታወቅም፤ ቁጥራቸው አንድ ነው።

ሥራ አስኪያጁን ልረግመው ፈለግኩ። አምና ሃያ አራት የነበረውን ሠላሳ ስድስት ያደረገው እሱ ነው፤ መደርደሪያ አጣቦ አየር የከለከለው እሱ ነው። ቤት ውስጥ እየተመላለስኩ ለብቻዬ ጮኽኩበት። ግን ምስክሩ ታች ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ አልነበር? ዙሩ ከትናንት ወዲያ ሲዘገይ እንዳየሁት ያኔም አየው ነበር።

ሥራውን ያስተማረኝ ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማር፣ በመጀመሪያው ቀን ያለኝ ይኼን ነው፦ "ምስክር ከቀዝቃዛው ጥግ ነው የሚቆመው። የሞቀው ቦታማ ለማንም ይመሰክራል።" መመሪያውም ላይ ተጽፏል፤ ታች፣ ከኋላ፣ በግራ። አሥራ ስምንት ዓመት ተንበርክኬ አይቻለሁ። ከዚያ ጉልበቴ አመመኝ። ለማንም አልነገርኩም። "አርጅታለች" እንዳይሉኝ። ምስክሩን አንስቼ ዓይኔ ትይዩ አቆምኩት። በቃ ይኸው ነው። ሰይጣንም የለበት፣ ሌባም የለበት።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። የኔስ አላረረም፤ ጥሬውን ነው የቀረው።

ኅዳር 13

ስምንት።

ለባሌ ነገርኩት። የወንበር እግር እየላገ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፣ እስክሪብቶውን፣ መስኮቱን፣ ልጅቷን። ቀልድ እስኪወረውር ጠበቅኩ። መላጊያውን አስቀመጠ።

"ስንት ሰው ነው?"

"አላውቅም።"

"እወቂ።"

ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ቁም ነገር ይኸው መጣ። ምነው በቀረብኝ!

ኅዳር 14

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ተቀምጬ ሳይሆን ቆሜ ነገርኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋው።

"እናቴ፣ ያለፈው አልፏል። ከእንግዲህ ምስክሩን ታች ያድርጉት። ይኼን ሌላ ሰው ሰምቷል?"

"የወጣውስ?"

"ቅሬታ መጥቷል?"

"ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ አይሰበርም እኮ! ሰው ጉልበት ውስጥ ዓመታት ይፈጃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው!"

"ያኔ የምንኖረውን ፈጣሪ ያውቃል" ብሎ ሳቀ። ሳቀ!

"ልጅቷስ? እሷ እኮ ትክክል ነበረች።"

"ወጣት ናት። ሌላ ሥራ አታጣም። ደግሞ ዕቃዋ ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔ አልፈጠርኩትም።"

እውነቱን ነው። ስድቡን ሁሉ አዘጋጅቼ ገብቼ፣ እውነቱን ነው ያለው። ቢሆንም "አንተ" አልኩት። እሱ ከመጣ በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። "አንተ ሰውዬ፣ እውነት እናትህ ብሆን ኖሮ ይሄኔ በጥፊ ነበር!" በሩን ወርውሬው ወጣሁ። የመዝጊያው ድምፅ መጋዘን ድረስ ተሰምቷል ይላሉ።

ከዚያስ? ከዚያ ኦቨኔ አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። ጮኾ መውጣትማ ለእኔ ቀላል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግኩት እሱን ነው።

ኅዳር 16

ትናንት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በእጄ። ምስክሩን ከመቼ ጀምሮ የት እንዳቆምኩ፣ ለምን፣ ስንት ዙር፣ ኅዳር 9 ምን እንዳየሁ። ላቦራቶሪው ንጹሕ እንደሆነ። ፈረምኩ። ጠዋት ወደ ላቦራቶሪው ወጣሁ፣ ሃያ ሁለት ደረጃ። ልጅቷ ዕቃዎቿን ካርቶን ውስጥ ትከታለች።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ኅዳር 9።"

"ዛሬ 16 ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሰባት ቀን፣ እትዬ።"

ብትጮህብኝ በወደድኩ። ለሚጮህ ሰው መልስ አላጣም። "ይቅርታ" አልኩ። እሷ መሳቢያዋን ሳበች፣ የቀይ ወረቀቱን ጥቅል አወጣች። ቀይ የለጠፈችበትን ዕቃ ከእሷ በቀር ማንም አያንቀሳቅስም፣ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን። ደንብ ነው። ሥልጣኗ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ አለ።

መጋዘን ወረድን። ለእኔ ወንበር አመጣችልኝ፤ ለእኔ ለዚህች! እኔ ተቀምጬ የካርቶኖቹን ቁጥር አነባለሁ፣ እሷ ትለጥፋለች። መጋቢት፣ ቀይ። ሚያዝያ፣ ቀይ። ግንቦት... የመጋዘኑ ሰው "ኧረ ምን እያደረጋችሁ ነው?" ይላል። "ሥራችንን!" አልኩት። ጥቅምት ላይ ስንደርስ የእጇ ጣት ሁሉ ቀይ ሆኗል። መጋዘኑን ዞር ብዬ አየሁት። የስምንት ወር ሥራዬ።

ስትጨርስ "የዶሮዋን ነገር አልረሳሁትም" አለችኝ። ፊቷን ሳታዞር።

ኅዳር 18

እንደ ጠበቅኩት ነው። ጩኸት፣ ስብሰባ፣ ሌላ ጩኸት። ሥራ አስኪያጁ ቀዩን አንሺ አላት፣ አላነሳም አለችው፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። ያ ድምፅ ሲያናድደኝ የኖረው ለካ ወደ እኔ ሲዞር ነው። ቀዩ ያለበት ጉዳይ ሳይዘጋ የለጠፈው ሰው አይሰናበትም፤ ይህም ደንብ ነው። የፋብሪካው ባለቤቶች መጡ። ወረቀቴን አነበቡ። አንዱ "ለምን ወንበር ወይም ረዳት አልጠየቁም?" አለኝ።

ከኦቨኑ ተነሳሁ። ወደ ወረቀት ቤት፣ መዝገብ ወደሚያዝበት።

ኅዳር 27

ስንት ሰው ነው ላለው ባሌ መልሱ መጣ።

ሰባቱ ዙር ከግቢ አልወጣም። ሥራችን ቀርፋፋ ስለሆነ ፈጣሪ ይመስገን። የመጋቢቱ ግን ወጥቷል። ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ለሆስፒታሎቹ ተጻፈ፣ ከመደርደሪያቸው ላይ የነበረው አንድ መቶ አርባ ሦስት ተመለሰ። ሥልሳ ስምንቱ ሰው ውስጥ ነው።

ግማሹ ከላይኛው መደርደሪያ ሊሆን ይችላል፣ ምንም ላይሆን ይችላል ይላሉ። ይችላል! በየዓመቱ ፎቶ ይነሳሉ። ስማቸውን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩ፤ ፈርቼ ነው። ማታ ለባሌ "ሥልሳ ስምንት" አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሾርባዬን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ሰሃኑን ልወረውረው ነበር። በማን ላይ?

ታኅሣሥ 12

ሰባት።

የመጀመሪያው ዙር ያለ እኔ። አዲስ ሰው እስኪቀጠር ኦቨኑን የያዘችው ልጅቷ ናት። ከወረቀት ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ምስክሩን ታች፣ ከኋላ፣ በግራ አቆመች። በየሩብ ሰዓቱ ትንበረከካለች፣ መስኮቷን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች።

አልቻልኩም፣ ሄድኩ። "ብየዳ ክፍል ወደ ታችኛው መስኮት የዞረ መስታወት ይሥራልሽ፣ ቆመሽ የምታዪበት" አልኳት።

"እሱም አቧራ ይይዛል እትዬ። መንበርከኩ ይሻላል።"

ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ጠራ። ጻፈች። ሁለቱም ቦታ ላይ የእሷ ፊርማ ነው፣ የኦቨኑም የላቦራቶሪውም። እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው፤ እጀታውን ስትዘጋ ማንም ሳያሳያት ልክ እንደ ሽማግሌው ነው የምትዘጋው።

የካቲት 20

ዘጠኝ። ትናንት መታጠቢያ ቤት ወደቅኩ። ባሌ አነሳኝ። "በቃ" አለ። እኔም በቃ አልኩ።

መጋቢት 3

ዶክተሩ ዘንድ። እንደ ድሮው አልተቀበለኝም። ደብዳቤው ደርሶታል፤ የመጋቢቱን ዙር የፈረመችው እኔ መሆኔን አንብቧል።

"ከሥልሳ ስምንቱ አራቱ የእኔ ናቸው" አለኝ። "ለአራቱም ደውያለሁ። አንደኛዋ አስተማሪ ናት። 'ስራመድ እኔ ልሰብረው ነው ወይስ በራሱ ይሰበራል?' ብላ ጠየቀችኝ።"

ጮኸብኝ። ያ 'ከካርቶን' ያለኝ ለስላሳ ሰው ጮኸብኝ። እንዲጮህ ተውኩት፣ እስኪወጣለት። ከዚያ ውኃ ጠጣ፣ ፎቶዬን መብራቱ ላይ ለጠፈ።

"የሌላ ፋብሪካ አለ፣ ከውጭ የመጣ። የፈለጉትን ላስገባልዎ።"

"የእኛን" አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የታኅሣሡን ዙር። መጋዘናችን ባዶ ስለነበር እሱ ነው በቅርብ የወጣው። ቁጥሩን እጽፍልዎታለሁ። ካርቶኑን ሳላይ እንዳያስተኙኝ።"

ሚያዝያ 9

ተደረገ። ከትናንት ወዲያ።

ከመተኛቴ በፊት ካርቶኑን አምጥተው አሳዩኝ። መነጽሬን ወስደውብኝ ስለነበር ነርሷ ቁጥሩን አነበበችልኝ። ደግመሽ አንብቢ አልኳት። የታኅሣሥ 12 ነው። ይቆረጥ አልኩ።

ዛሬ ልጅቷ ልትጠይቀኝ መጣች። ኮቴዋ አልተሰማም፣ ዓይኔን ስገልጥ አጠገቤ ቆማለች። ብርቱካን ይዛለች። አሁን ኦቨኑ ላይ ሁለት ሰው ቀጥረዋል፣ ሁለቱንም የምታስተምረው እሷ ናት። ከቀዝቃዛው ጥግ የሚለውን ንግግር ነገርኳቸው አለች። የሽማግሌው ነው አልኳት። "ከእርስዎ ወረቀት ላይ ነው ያነበብኩት" አለች።

"ቁጥሩን አየሁት" አልኳት።

"የማን ዙር ነው?"

"ያንቺ።"

ብርቱካኑን ላጠች። ላጠችና ላጠችና፣

"እና እትዬ... ዶሮዋ እንዴት አደረች?"

ሳቅኩ። ስስቅ ስፌቱ ተሳበ፣ አመመኝ፣ ተሳደብኩ፣ እሷም ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ባሌ የዶሮዋን ታሪክ ስለማያውቅ ሁለታችንንም እያፈራረቀ ያየናል። በኋላ ንገሩኝ ብሎ ሊሞት ነው።

ከሄደች በኋላ ንዴቴ ተመለሰ። ድሮ ንዴቴ አድራሻ አልነበረውም፣ ላገኘሁት ነበር የማድለው። አሁን አድራሻውን አውቃለሁ። የእኔ ጉልበት ውስጥ ያለችውን ቁራጭ ሰው ተንበርክኮ፣ መስኮት ጠርጎ፣ እስክትጠራ ጠብቆ ነው ያወጣት። አስተማሪዋ ጉልበት ውስጥ ያለችውን እኔ ቆሜ ነው ያለፍኳት።

ዶክተሩ ማታ ዞሮ "ከአስር ስንት?" አለኝ። ስምንት አልኩት፣ የስፌቱን። የሌላውን አልጠየቀኝም።